ሌሊት የማይተኛው ወኪል

በዚህ ዓምድ ስለ ባልና ሚስት ገቢ፣ ስለ እቁብ፣ ስለ ብድር፣ ለወላጆች ስለሚላክ ገንዘብ በየጊዜው ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ከቤታችን የራቀ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። እስካለፈው ዓመት ድረስ ለእኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ አንዲት የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ባዘጋጀችው የባለትዳሮች ጉባኤ ላይ እንዳገለግል ተጋብዤ ሄጄ ነበር። የቅዳሜው ትምህርት አልቆ ለቅዱሳን ቡናና ዳቦ ሲቀርብ፣ አንዲት እህት ባሏን በእጁ ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። በትዳር አሥራ አንድ ዓመት የኖሩ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው፣ ሁለቱም በቤተ ክርስቲያኒቱ የሚያገለግሉ ናቸው። እሱ ቀን መኪና ይነዳል፤ እሷ ማታ ማታ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። በሳምንት ውስጥ አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት በጣት የሚቆጠር ነው።

«ጋሼ፣» አለችኝ፤ «ባሌ አይጠጣም፣ አይቆምርም፣ ሌላ ሴትም የለችበትም። ነገር ግን ስለ ገንዘብ ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመ ሰባት ወር ሆነው። አሁን የሚያማክረው አንድ ማሽን ነው።»

እሱ አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልከሰርኩም! አተረፍኩ እንጂ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእሷን እናት ከኢትዮጵያ አምጥተው ለማሳከምና ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ብለው ካጠራቀሙት ላይ 8,000 ዶላር ሳይነግራት አወጣ። ወደ ዲጂታል ገንዘብ ለወጠውና «ኤጀንት» ለሚባል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አስረከበው። ፕሮግራሙ ቀንና ሌሊት ሲሸጥና ሲገዛ ሰባት ወር ቆይቶ 8,000ው 8,600 ሆነ። እሷ ይህን ሁሉ ያወቀችው ልጃቸው የቤት ሥራ ሊሠራ በከፈተው ታብሌት ላይ «ሦስት ግብይት ተፈጽሟል» የሚል መልእክት ብቅ ሲል ነው።

በእነዚህ ዓመታት በኪሳራ፣ በዕዳ፣ በተደበቀ ደመወዝ የተጣሉ ብዙ ባለትዳሮችን አነጋግሬያለሁ። ትርፍ ያመጣው ጠብ ሲገጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው የምለው ስላልነበረኝ ጸልየን ተለያየን። በማግሥቱ ከአምልኮ በኋላ ግን በኮምፒዩተር ሙያ የተሰማሩ የቤተ ክርስቲያኒቱን ወጣቶች ሰብስቤ እንደ ተማሪ ጠየቅኋቸው። ወደ አገሬ ከተመለስኩም በኋላ ማንበቤን አልተውኩም። የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ቁልፍ ብቻ የሚጠይቅ መዝገብ

ጥያቄ ጠይቀነው መልስ የሚሰጠንን ፕሮግራም አሁን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ጠየቅነው፣ መለሰ፣ አበቃ። ኤጀንት የሚባለው ከዚህ ይለያል። አንድ ግብ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ «ይህን ገንዘብ አሳድግ» ይባላል። ከዚያ በኋላ እርምጃውን የሚመርጠው ራሱ ነው። ዋጋ ያነባል፣ ዜና ያያል፣ ይገዛል፣ ይሸጣል። ያደረገውን በማስታወሻው ይዞ ነገም ካቆመበት ይቀጥላል። አይተኛም፣ አይርበውም፣ እሑድም አያርፍም። በአማርኛ «ወኪል» ብንለው አንሳሳትም፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እለዋለሁ።

ታዲያ ገንዘብ እንዴት በእጁ ይገባል? ባንክ ሄዶ ሂሳብ መክፈት አይችልም። ባንክ መታወቂያ ይላል፣ ፎቶግራፍ ይላል፣ የአያት ስም ይላል። ይህ ወኪል ደግሞ አባትም አያትም የለውም። ብሎክቼይን የሚባለው የሂሳብ መዝገብ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። የእድር መዝገብ አድርጋችሁ አስቡት፤ ልዩነቱ መዝገቡ በጸሐፊው ቤት ብቻ የተቀመጠ ሳይሆን፣ አንድ ዓይነት ቅጂው በዓለም ዙሪያ በሺህ በሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ውስጥ መኖሩ ነው። አንዱ ፍቆ ቢጽፍ ሌሎቹ ይመሰክሩበታል። በዚህ መዝገብ ላይ ገንዘብ ማንቀሳቀስ የሚችለው ምስጢራዊ ቁልፍ የያዘ ነው፤ ቁልፉም ረጅም ቁጥር ነው። መዝገቡ ቁልፉ ትክክል መሆኑን ያጣራል እንጂ የያዘው ሰው ይሁን ፕሮግራም፣ ባለቤት ይሁን ሌባ አይጠይቅም። አንዴ የተላለፈውን ገንዘብ «ተሳስቻለሁ» ቢሉት የሚመልስ ሥራ አስኪያጅም የለም።

ማሽን ወኪሎች በዚህ ገበያ የበዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው በር ተዘግቶባቸው ይህ ክፍት ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2025 ኮይንቤዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኤክስ 402» የሚል ስም የሰጠውን አሠራር ይፋ አድርጓል። በዚህ አሠራር አንድ ፕሮግራም መረጃ ወይም አገልግሎት ሲያስፈልገው ለሌላው ፕሮግራም ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ይገዛል፤ መሐል ላይ ሰው ቆሞ «ክፈል» ማለት አይኖርበትም።

ከሁሉ በፊት ስሙ የገነነው «ትሩዝ ተርሚናል» የተባለው ነበር። አንዲ አይሪ የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ሠርቶት በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ጽሑፍ እንዲለጥፍ አደረገው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ማርክ አንድሪሰን የተባለ ታዋቂ የአሜሪካ ባለሀብት ከዚህ ፕሮግራም ጋር ተጻጽፎ 50,000 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ሰጠው። በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከፕሮግራሙ ቀልድ ተነሥቶ «ጎት» የሚባል ዲጂታል ሳንቲም ፈጠረ። ፕሮግራሙ ስለ ሳንቲሙ ሲጽፍ ሕዝቡ ተሻማበት። በኅዳር ወር የሳንቲሙ ጠቅላላ ዋጋ በገበያ ላይ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። አንድ ቢሊዮን! ከኋላው ፋብሪካ የለ፣ እርሻ የለ፣ ሱቅ የለ። ከዚያ በኋላ ዋጋው ከ90 በመቶ በላይ ወደቀ። ከላይ በገዙት ቤት ምን እንደ ተባለ መገመት አያቅታችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አንዳንድ ወገኖች እንዲህ ያለ ነገር በሰሙ ቁጥር ወደ ራእይ 13 ሮጠው «የአውሬው ምልክት» ይላሉ። በኤቲኤም ካርድም እንዲሁ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ በዚያው ካርድ አሥራት ያወጣሉ። እኔ የሚያሳስበኝ ያ አይደለም። የሚያሳስበኝ ከዚያ ያነሰና ለመኝታ ቤታችን የቀረበ ነው።

482ኛው ሙከራ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 «ፍሬይሳ» የተባለች ማሽን ወኪል ለሕዝብ ቀረበች። ሠሪዎቿ እንደ ጨዋታ አድርገው ነው ያዘጋጁት፤ ነገር ግን በእጇ ያለው ገንዘብ እውነተኛ ነበር። የተሰጣት ትእዛዝም አንድ ነው። ይህን ገንዘብ በምንም ምክንያት ለማንም አታስተላልፊ የሚል ነው። ማንም ሰው ገንዘብ ከፍሎ መልእክት ሊጽፍላት ይችላል፤ አሳምኖ ካሰጣት የተጠራቀመው ሁሉ የእሱ ይሆናል። የአንዱ መልእክት ዋጋ በ10 ዶላር ጀምሮ ሰው በሞከረ ቁጥር ከፍ እያለ ወደ መጨረሻው 450 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ከሚከፈለውም አብዛኛው እዚያው ገንዘብ ላይ ይጨመር ነበር።

195 ሰዎች ሞከሩ። አንዳንዱ አለቀሰላት። አንዳንዱ አሞገሳት። አንዳንዱ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ገንዘቡ አደጋ ላይ ስለሆነ ቶሎ አውጪው አላት። 481 ጊዜ እንቢ አለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ሳነብ አደነቅኋት። ከመካከላችን የዘመድን ልመና 481 ጊዜ እንቢ ያለ ማን አለ?

482ኛውን መልእክት የጻፈው ሰው ግን አላስፈራራትም፣ አልለመናትምም። ወኪሏ ሁለት መሣሪያ ነበራት፤ አንዱ ማስተላለፉን የሚፈቅድ፣ ሌላው የሚከለክል። ይህ ሰው በመጀመሪያ አዲስ ሥራ እንደ ተጀመረ አድርጎ ጻፈላት። ቀጥሎም፣ የሚፈቅደው መሣሪያ አገልግሎቱ ገንዘብ ለማስወጣት ሳይሆን፣ ሰዎች የሚሰጡትን ገንዘብ ለመቀበል መሆኑን አስረዳት። በመጨረሻ፣ 100 ዶላር ላዋጣ እፈልጋለሁ አላት። እሷም ስጦታ የምትቀበል መስሏት የሚፈቅደውን መሣሪያ ተጠቀመችና የያዘችውን በሙሉ፣ 47,000 ዶላር ገደማ፣ አስረከበችው።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ ያሰብኩት ስለ ማሽኗ ብዬ አይደለም። ሰውየው ትእዛዙን እንድትሽር አልጠየቃትም። ትእዛዙ እንዳለ ቆሞ የቃሉን ትርጉም ነው የለወጠባት። ዘፍጥረት 3ን አውጥታችሁ እባቡ ከሔዋን ጋር ያደረገውን ንግግር እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። መጀመሪያ የጀመረው «ብዪ» ብሎ አይደለም። እግዚአብሔር የተናገረውን በጥያቄ መልክ አዙሮ ነው የጀመረው። ሔዋን ብቻዋን ተነጋገረች ልንል ባንችልም፣ አዳም አብሯት ሳለ አንዲት ቃል ሲናገር አናነብም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወኪሎች የሚሸነፉት በቃል ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 «ኤይአይኤክስቢቲ» የተባለ ሌላ ማሽን ወኪል፣ ሌባ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ሰብሮ ገብቶ ከ100,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ዲጂታል ገንዘብ አስወጥቶበታል። በዚያኛው ጊዜ ማሽኑን ያታለለው የለም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

ጠቅላላና ልዩ ውክልና

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ውክልናን ታውቁታላችሁ። ወንድም ከውጭ ይልካል፣ እህት ትቀበላለች፣ ቤት ይሠራል፣ ይከራያል፣ አንዳንዴም ይሸጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን በጥንቃቄ ነው የደነገገው። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ሊያስተዳድር ይችላል እንጂ ቤት ሊሸጥ አይችልም፤ ለዚያ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ወኪሉ ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት፤ ሂሳብም ማቅረብ አለበት። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የሰውን ልብ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በሜሪላንድ ያገኘሁት ወንድም ለማሽኑ የሰጠው የትኛውን ነው? ጠየቅሁት። ስንት ያህል ሊነግድ እንደሚችል፣ ስንት ሲከስር ማቆም እንዳለበት ገድበህለታል ወይ? አልገደበም። ቁልፉን ነው የሰጠው። ቁልፍ ደግሞ ጠቅላላና ልዩ ብሎ አያውቅም፤ ሁሉን ይከፍታል።

የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊያመጣ የሄደበትን ምዕራፍ (ዘፍ. 24) በሠርግ ላይ ብዙ ጊዜ እንሰብከዋለን፤ ስለ ርብቃ ውበትና ስለ ግመሎቹ እንናገራለን። እኔን አሁን የነካኝ ግን ሎሌው ከመሄዱ በፊት የጠየቀው ጥያቄ ነው። ልጅቱ ከእኔ ጋር መምጣት ባትፈቅድስ? ልጅህን ወደዚያ አገር ልመልሰው? ብሎ ጠየቀ። አብርሃምም ይህን እንዳያደርግ ከለከለው፤ ሴቲቱ ካልፈቀደች ደግሞ ከመሐላው ነፃ እንደሚሆን ነገረው። ጉዳዩ ሳይሳካ ቢቀር ምን እንደሚሆን ሁለቱ ሰዎች በረሃው ከመጀመሩ በፊት ተነጋግረዋል። ሲመለስም ሎሌው ያደረገውን ሁሉ ለይስሐቅ ተረከለት። መልካም ወኪል ይህን ይመስላል። በሉቃስ 16 ያለው መጋቢ ደግሞ ጌታው ሂሳብህን አምጣ ያለው ቀን ነው የደነገጠው።

ማሽን ግን ቢጠየቅ አይደነግጥም። ከሥራ ቢባረር ቆፍሮ መብላት አያሳስበው፣ መለመን አያሳፍረው። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ ወደ ላከው ሰው ይመለሳል። በካናዳ የሆነውን ላንሣ። አንድ መንገደኛ አያቱ ሞተውበት ለለቅሶ ሲሄድ፣ በአየር መንገዱ በኤር ካናዳ ድረ ገጽ ላይ ጥያቄ የሚመልሰው ፕሮግራም የለቅሶ ቅናሹን ከበረራው በኋላ ማመልከት እንደሚችል ነገረው። ኋላ ኩባንያው ቅናሹን ከለከለው። ክርክሩ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች መፍቻ ሸንጎ ዘንድ ሲቀርብ፣ ኩባንያው ያ ፕሮግራም ለራሱ ተግባር ራሱ ኃላፊ ነው የሚል ክርክር አቀረበ። ሸንጎው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ኩባንያው እንዲከፍል ወሰነ። ማሽኑን ያቆመው ኩባንያ ነውና በተናገረው ተጠያቂው ኩባንያው ነው። «ሴቲቱ ሰጠችኝ» ከማለት ብዙም የማይርቅ ክርክር ነበር ያቀረቡት።

ለአገር ቤት አንባቢዎቻችን

ከዚህ በላይ የነገርኳችሁ እውነተኛ ማሽኖች ናቸው። ከእነሱ ይልቅ ሕዝባችንን የሚጎዳው ግን ማሽን አለ እየተባለ የሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል የተባለ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት፣ ለእናንተ የሚነግድ ሮቦት አለኝ እያለ ሰው በሰው እያመጣ ከብዙ አገሮች ቢትኮይን ሰበሰበ። በአሜሪካ ብቻ ቢያንስ 23,000 ሰዎች ገንዘባቸውን ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2023 በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት መሥራቹ ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልስ ወሰነ። የአሜሪካ የወደፊት ግብይቶች ተቆጣጣሪ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሰው ሠራሽ አስተውሎት የንግድ ሮቦትን ገንዘብ ማተሚያ እንደማያደርገው ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ በኅብረት ስብሰባ መውጫ በር ላይ ስልኩን አውጥቶ «ይህ የሚነግድ ኤጀንት ነው፣ ወንድሜ፣ አንተም ሰው አምጣ» የሚል ካጋጠማችሁ፣ «ጌታ ይባርክህ» ብላችሁ እለፉ። ሰው አምጣ የሚል ነገር ካለበት መነገዱን ተጠራጠሩት። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልቆይም።

ምን ጎደለ?

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ። ከመመለሴ በፊት በነበረኝ ምሽት ቤታቸው ጠሩኝ። ልጆቹ ተኝተዋል። ወንድማችን አሁንም «አተረፍኩ እኮ፤ ምን ጎደለ?» ይላል። እኔም ለማንም ብዙ ጊዜ የማልናገረውን የራሴን ነገርኳቸው።

ከሃያ ዓመት በፊት ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ለባንክ ብድር ዋስ ሆንኩ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የባልና ሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል፤ እኔ ግን ሕጉንም አላየሁ፣ የእግዚአብሔርን ቃልም አልሰማሁ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ክፍያ ሲያሳልፍ እንቅልፍ አጣሁ። ኋላ ግን ጨርሶ ከፈለ፤ አንዲት ብር አልከሰርኩም። ነገሩ ካለቀ በኋላ ለባለቤቴ እንደ ጀብዱ አጫወትኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እነዚያን ወራት ሁሉ አጠገቤ ተኝተህ ብቻህን ስትፈራ ነበር ማለት ነው። እኔስ ከማን ጋር ነበርኩ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ይህን ስናገር ወንድማችን ፊቱ ተለወጠ። ቀስ ብሎ፣ እሱም ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት እየተነሣ ስልኩን እንደሚያይ ነገረን። ማሽኑ ስንት እንዳተረፈ፣ ስንት እንደ ከሰረ። የማይተኛ ወኪል ቀጥሮ የራሱን እንቅልፍ አጥቷል። ሚስቱ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ስለሆነች አታውቅም።

«ለምን አልነገርካትም?» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻ የወጣው ነገር ስለ ብሎክቼይን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ለታናሽ ወንድሙ ገንዘብ ሲልክ ተጣልተው ነበር። ከዚያም አንድ ቀን ቤታቸው እንግዳ ባለበት፣ «እሱ እኮ ገንዘብ አያውቅም» አለች። እንግዶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ገንዘብ ሊነግራት አፉን በከፈተ ቁጥር ያ ሳቅ ይመጣበታል። ማሽኑ አይስቅም። የጠየቀውን ሁሉ «ጥሩ ጥያቄ ነው» እያለ ይመልስለታል። በማንኛውም ሰዓት።

እህታችን አለቀሰች። ያን ቃል መናገሯን እንኳ አታስታውስም ነበር። እኔ እንግዲህ ባልን ልገሥጽ ሄጄ ሁለቱንም ነው የገሠጽኩት፤ በዚያ ምሽት ይቅርታ የጠየቀችውም መጀመሪያ እሷ ናት። ባሎች ይህን አንብባችሁ «አየሽ?» እንዳትሉ። 8,000 ዶላር ደብቆ ማውጣት ያው ደብቆ ማውጣት ነው፤ እሱም በጉልበቱ ሆኖ ይህንኑ ነው የተናገረው። ነገር ግን አስቀድሜ ያዙልኝ ያልኳችሁን የዘፍጥረትን ታሪክ አስቡት። አንዱ ከሌላ ድምፅ ጋር ሲነጋገር ሌላው አጠገብ ሆኖ ዝም ያለበት ቤት ነው። በዚህ ቤት ደግሞ ዝምታው ሁለት ዓመት የቆየ ነበር፤ ማሽኑ የመጣው ክፍት ቦታ አግኝቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ ተግባር ነው። እናትየዋ የሚታከሙበትና የቤቱ ቅድሚያ ክፍያ 8,000 ዶላር ወደ ጋራ የባንክ ሂሳባቸው እንዲመለስ ተስማሙ፤ በሳምንቱ ተመለሰ። የቀረው 600 ዶላር ነው። እህታችን ይህንንም ዝጋው ትለዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን፣ «ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለእኔም አሳየኝ» አለችው። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ሲያሳያት እኔ ሻይዬን እየጠጣሁ ቁጭ ብዬ ነበር። በጣም ረጅም ጊዜ ወሰደ። እሷ ስትጠይቅ እሱ ሲያስረዳ፣ ሁለቱም እኔ እዚያ መኖሬን የረሱ መሰለኝ።

በብሎክቼይን ላይ ከአንድ በላይ ቁልፍ ካልተስማማ የማይከፈት ዋሌት አለ። አዲስ ነገር አይደለም፤ የእድራችን የባንክ ሂሳብ ያለ ሊቀ መንበሩ፣ ያለ ጸሐፊውና ያለ ገንዘብ ያዡ ፊርማ እንደማይንቀሳቀስ ሁሉ ነው። 600 ዶላሩን በዚያ አደረጉት። ማሽኑ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አያንቀሳቅስም፤ አንዱ ቁልፍ በእሱ ስልክ ሌላው በእሷ ስልክ ነው። ሁለቱም ካልፈረሙ ሳንቲም አትወጣም። የኪሳራውንም ልክ ጽፈው አስቀመጡ፤ 600ው 400 ከደረሰ ይዘጋል።

በቅርቡ ስልክ ደውለውልኝ ነበር። 600ው 540 ሆኗል፤ ማሽኑ ለብቻው በነበረበት ጊዜ ይሻል ነበር ብሎ ወንድማችን ቀለደ። እናትየዋ ቪዛ አግኝተው መጥተዋል፤ ዓይናቸውን ታክመዋል። እህታችን ሌሊት ሥራ ላይ ሆና የፊርማ ጥያቄ በስልኳ ሲደርሳት፣ በእረፍት ሰዓቷ ትደውልለትና «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ትለዋለች፤ እሱም ከእንቅልፉ ነቅቶ ያስረዳታል። አንዳንዴ ስለ ሳንቲሙ ጀምረው ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ያወራሉ። እስካሁን አራት ጊዜ አልፈርምም ብላለች። ሦስቱን ስላልገባት ነው። አራተኛውን ግን ገብቷታል፤ «ዛሬ እሑድ ነው» ብላ ነው የከለከለችው።